የታላላቆቹ ሐይቆች የጭነት መርከብ፦ አሠራሩ፣ አጫጫኑና ጥገናው ደረጃ በደረጃ

በአሜሪካና በካናዳ መካከል የተዘረጉት አምስቱ ታላላቅ ሐይቆች ሱፒሪየር፣ ሚሺጋን፣ ሂውሮን፣ ኢሪና ኦንታሪዮ ይባላሉ። ስፋታቸውን ለመገመት ጣናን ማሰብ ይጠቅማል። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ሱፒሪየር ብቻውን ከ82,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። በእነዚህ ሐይቆች ላይ ከ300 ሜትር በላይ የሚረዝሙ የጭነት መርከቦች ይመላለሳሉ። ዋናው ጭነታቸው በሰሜን ሚኒሶታ የሚወጣው የብረት ማዕድን ነው። ከድንጋዩ ተለይቶና ተፈጭቶ ትንንሽ እንክብል ሆኖ ከተጋገረ በኋላ ወደ ኢንዲያና፣ ኦሃዮና ሚሺጋን የብረት ማቅለጫዎች ይሄዳል። ከእሱ ሌላ የኖራ ድንጋይ፣ ጨው፣ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ ከሰልና እህልም ይጭናሉ።

ይህ መመሪያ ሥራውን በሚሠራበት ቅደም ተከተል ያስኬዳችኋል። ከመነሻው አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የሐይቅ መርከብ የተቀነሰ የባሕር መርከብ አይደለም። ቅርጹን የወሰነው የሚያልፍበት የውሃ በር ነው፤ ዕድሜውን ያረዘመው ጨው የሌለው ውሃ ነው፤ የጥገናውን ቀን የቆረጠለት ደግሞ በረዶው ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ከሁሉ በፊት ሎኩን መለካት

የሱፒሪየር ሐይቅ ውሃ ከሂውሮን ከ6 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በመካከላቸው ያለው የሴንት ሜሪስ ወንዝ ፏፏቴያማ ስለሆነ መርከብ የሚወጣውና የሚወርደው በሎክ ነው፤ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው፣ ውሃ እየሞላና እየጎደለ መርከቡን ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ክፍል ማለት ነው። ሱ ሴንት ማሪ በተባለችው ከተማ ያለው ትልቁ ሎክ ፖ ይባላል። ርዝመቱ 366 ሜትር፣ ወርዱ 33.5 ሜትር ነው።

እንግዲህ መርከብ የሚያሠራ ኩባንያ የመጀመሪያ ጥያቄው «መርከቤ በየትኛው ሎክ ያልፋል?» የሚል ነው። በፖ ብቻ የሚያልፍ ከሆነ ወርዱን እስከ 32 ሜትር፣ ርዝመቱን እስከ 305 ሜትርና ከዚያም ትንሽ ከፍ ማድረግ ይችላል። ዛሬ በሐይቆቹ ላይ ረጅሙ፣ በ1981 በሎሬን ኦሃዮ የተሠራው ፖል አር ትረገርታ፣ 309 ሜትር ነው። 1,000 ጫማ (305 ሜትር) እና ከዚያ በላይ ሆነው የተሠሩት መርከቦች 13 ናቸው። መርከቡ ወደ ኦንታሪዮ ሐይቅና ወደ ሴንት ሎውረንስ ወንዝ መውረድ ካለበት ግን በዌላንድ ቦይ በኩል ማለፍ ግድ ነው። የዚያ ቦይ ሎኮች ከ225.5 ሜትር በላይ የሚረዝምና ከ23.8 ሜትር በላይ የሚሰፋ መርከብ አያሳልፉም። ስለዚህ 13ቱ ግዙፎች ከኢሪ ሐይቅ ወዲያ አይወርዱም፤ ወደ ውቅያኖስ ሳይወጡ ያረጃሉ።

ጥልቀቱም የተገደበ ነው። የወንዞቹ መተላለፊያዎች መርከቡ ከ8 ሜትር ብዙም ሳያልፍ እንዲጠልቅ ብቻ ይፈቅዳሉ። ወርድና ጥልቀት ከተቆረጠላችሁ ጭነት የምትጨምሩበት መንገድ አንድ ነው፤ ማስረዘምና ሣጥን ማስመሰል። የሐይቅ መርከብ አፍንጫው ዱልዱም፣ ጎኑ ቀጥ ያለ፣ ሆዱ ጠፍጣፋ የሆነው ለዚህ ነው።

ግዙፎቹ መርከቦች በፖ ብቻ ስለሚያልፉ ያ አንድ ሎክ ቢበላሽ የብረት ኢንዱስትሪው ሥር ይቆረጣል። አሁን በጎኑ በእሱ ልክ ሌላ ሎክ እየተሠራ ነው። እኔ እንደማየው ከአዲስ መርከብም በፊት መቅደም የነበረበት ሥራ ይኸው ነው።

2. ሆዱን ማቀድ

የሐይቅ ጭነት መርከብ መሠረታዊ አቀማመጥ የመጣው በ1869 በክሊቭላንድ ከተሠራችው አር ጄ ሃኬት ነው። መሪው ክፍል ከፊት፣ ሞተሩ ከኋላ፣ መሐሉ በሙሉ ለጭነት። የጭነት አፎቹ በ24 ጫማ ርቀት ተደረደሩ፤ ምክንያቱም የማዕድን ወደቡ አሸንዳዎች በ12 ጫማ ርቀት የተተከሉ ነበሩና መርከቡ ሲጠጋ አፎቹ ከአሸንዳዎቹ ጋር መግጠም ነበረባቸው። ወደቡ መርከቡን ቀረጸው ማለት ይቻላል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በተሠሩት ላይ መሪው ክፍልም ወደ ኋላ ሄዶ ሁሉም በአንድ ቦታ ሆኗል።

ዛሬ አብዛኞቹ መርከቦች ጭነታቸውን ራሳቸው ያራግፋሉ፤ ለዚህም ሆዳቸው የሚታቀደው እንደ ወፍጮ ቋት ነው። የጭነቱ ክፍል ግድግዳ ወደ ታች እየጠበበ ይወርዳል፤ ከታች የብረት መዝጊያዎች አሉ፤ ከመዝጊያዎቹ ሥር ደግሞ ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሮጥ ኮንቬየር ቀበቶ አለ። በቋቱና በመርከቡ ውጫዊ ቆዳ መካከል የሚቀረው ክፍተት የባላስት ታንክ ይሆናል፤ መርከቡ ባዶ ሲሆን ሐይቁን ቀድቶ የሚሞላበት ማለት ነው።

3. ብረቱን መምረጥና መገጣጠም

ብረቱ ቅዝቃዜ የሚችል መሆን አለበት። በ1906 የተሠራው ዳንኤል ጄ ሞረል በኖቬምበር 1966 በሂውሮን ሐይቅ ላይ በማዕበል ለሁለት ተሰብሮ ከ29 ሰው አንድ ብቻ ተረፈ። ከ1948 በፊት ይመረት የነበረው የመርከብ ብረት በቅዝቃዜ ጊዜ እንደሚሰባበር ከታወቀ ወዲህ የሐይቅ መርከብ ብረት በብርድ ሆኖ ድንገተኛ ምት መቻሉ ተፈትኖ ነው የሚገባው።

ከዚያ ሥራው እንዲህ ይሄዳል። ሳህኑ ብረት በማሽን ይቆረጣል። ከአጥንቱ ጋር እየተበየደ በቤት ውስጥ ትልልቅ ብሎኮች ይሠራሉ። ብዙ ጊዜ ብሎኩ ተገልብጦ ነው የሚበየደው፤ በያጁ ወደ ላይ አንጋጦ ከሚሠራ ወደ ታች እያየ ቢሠራ መገጣጠሚያው ይጠነክራልና። ከዚያ በክሬን ተገልብጦ ወደ ደረቁ ግንባታ ገንዳ ይገባና ከጎረቤቱ ብሎክ ጋር ይገጥማል። መገጣጠሚያዎቹ በኤክስሬይና በአልትራሳውንድ ይመረመራሉ። መጨረሻ ላይ ገንዳው ውሃ ሲሞላ መርከቡ ራሱ ይንሳፈፋል። በድሮው ጊዜ ወንዞቹ ጠባብ ስለነበሩ መርከቡን በጎኑ ወደ ውሃ ያንሸራትቱት ነበር፤ በ1958 ኤድመንድ ፊትዝጄራልድ ውሃ የነካው እንደዚያ ነው።

የመጀመሪያው ባለ 1,000 ጫማ መርከብ ስቱዋርት ጄ ኮርት ታሪክ ሊታለፍ አይገባም። አፍንጫውና ጅራቱ ሚሲሲፒ ውስጥ በባሕረ ሰላጤው ዳር ተሠሩ። ሁለቱ ተገጣጥመው አጭር መርከብ ሆኑና በአትላንቲክ ዞረው፣ በሴንት ሎውረንስና በዌላንድ ቦይ ወጥተው ኢሪ ከተማ ፔንሲልቫኒያ ደረሱ። እዚያ እንደገና ለሁለት ተቆርጠው በመሐላቸው ረጅሙ ሆድ ገባ። በ1972 ሥራ ጀመረ። ሙሉውን ሆኖ በዌላንድ ማለፍ ስለማይችል ተቆርጦ መምጣት ነበረበት።

በሁለት የአሜሪካ ወደቦች መካከል ጭነት የሚያመላልስ መርከብ እዚያው አሜሪካ መሠራት እንዳለበት የ1920ው የጆንስ ሕግ ያስገድዳል። ስለሆነም ርካሽ መርከብ ከእስያ ገዝቶ ማምጣት አይቻልም። በስተርጅን ቤይ ዊስኮንሰን ተሠርቶ በ2022 የወጣው 195 ሜትር ርዝመት ያለው ማርክ ደብሊው ባርከር፣ ከ1983 ወዲህ በሐይቆቹ ዳር ለሐይቆቹ የተሠራ የመጀመሪያው የአሜሪካ ጭነት መርከብ ነው። አሮጌውን መጠገን ይህን ያህል ትኩረት ያገኘው በዚህም ምክንያት ነው።

4. መጫን፦ ዋናው ጥበብ ያለበት ቦታ

ብዙ ሰው አደጋው ማዕበል ላይ ብቻ ይመስለዋል። ወደብ ላይ ታስሮ፣ ፀሐይ ወጥቶ፣ ውሃው ረግቶ ሳለ በተሳሳተ ቅደም ተከተል የተጫነ መርከብ ግን ወገቡን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ ይህን ክፍል ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

ባዶው መርከብ የሚመጣው ባላስት ውሃ ሞልቶ ነው። አለዚያ ፕሮፔለሩ ከውሃ ይወጣል፣ ነፋስም መርከቡን ይነዳዋል። ጭነት ሲገባ ይህ ውሃ መውጣት አለበት። መሐሉ ላይ ማዕድን እየወረደ ጫፎቹ ገና በባላስት ከከበዱ ወይም የአንዱ ክፍል ውሃ ወጥቶ ጭነቱ ከዘገየ 300 ሜትር ብረት ይጎብጣል ወይም ይረግባል። ሁለቱን እኩል የማስኬድ ኃላፊነት የዋናው መኮንን ነው።

መኮንኑ ገና ወደብ ሳይደርስ እቅዱን ይጽፋል። መጀመሪያ የሚያየው በመንገዱ ላይ ያለውን ጥልቀቱ አነስተኛ የሆነ ቦታ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሴንት ሜሪስ ወንዝ ነው። የሐይቆቹ ከፍታ ከወር ወር ይለዋወጣል፤ ነፋስም ውሃውን ከአንዱ ዳር ወደ ሌላው ይገፋል። ቀጥሎ በመርከቡ ጎን የተቀባውን የጭነት ምልክት ያያል፤ በሞቃቱ ወራት ጠልቆ እንዲጫን ይፈቀዳል፤ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ ግን የበረዶው ወቅት ምልክት ይያዛልና ጭነቱ ይቀንሳል። ከሁለቱ ዝቅተኛው ልክ የዚያ ቀን ገደብ ነው። በመጨረሻ ለእያንዳንዱ አፍ ስንት ቶን፣ በስንት ዙር፣ የትኛው የባላስት ታንክ መቼ እንደሚደርቅ ይዘረዝራል።

መርከቡ ወደቡን ሲጠጋ መርከበኞች ከጎኑ በሚዘረጋ ክንድ ላይ በተንጠለጠለች ትንሽ መቀመጫ ወደ መሬት ይወርዳሉ። ጓደኛቸው ገመዱን ይዞ ቀስ እያለ ይለቅላቸዋል፤ እግራቸው ወደቡን እንደነካ የሽቦውን ገመድ ተቀብለው ምሰሶ ላይ ያጠልቃሉ። ሥራው አጭር ነው፤ ግን መርከቡ እየተንቀሳቀሰ ሳለ በእሱና በግንቡ መካከል የሚገባ ሰው አይተርፍም፤ ስለዚህ ይህን ሥራ ማንም ለብቻው አይሠራውም።

ከዚያ በሐዲድ ላይ የሚሄድ ክሬን መክደኛዎቹን አንድ በአንድ ያነሳል። ጭነቱ በአንድ ጊዜ አንድ አፍ ላይ አይሞላም። በመጀመሪያው ዙር ከጫፍ እስከ ጫፍ በየአፉ ድርሻው ከፊሉ ይወርዳል፤ ባላስቱ ከኋላው እየተከተለ ይወጣል። በሁለተኛው ዙር ይደገማል። የወደቡ አፍሳሽ በቦታው የተተከለ ከሆነ መርከቡ ራሱ በሽቦ ገመዱ እየተሳበ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ይንሸራተታል።

የመጨረሻዎቹ መቶዎቹ ቶኖች በዓይን ነው የሚወሰኑት። በፊት፣ በመሐልና በኋላ፣ በሁለቱም ጎን የተጻፉት ቁጥሮች ይነበባሉ። ለምሳሌ ፊቱ 8.00 ሜትር፣ ኋላው 8.10 ሜትር ቢጠልቅ አማካዩ 8.05 ነው። መሐሉ ላይ 8.13 ከተነበበ መርከቡ በወገቡ 8 ሴንቲ ሜትር ረግቧል ማለት ነው። ወንዙ ውስጥ መጀመሪያ መሬት የሚነካው ያ ወገብ ነው፤ ስለዚህ የቀረው ማዕድን ወደ ጫፎቹ ይሄዳል። በትልቁ መርከብ ላይ 2.5 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ከ200 ቶን በላይ ጭነት ነው። ታንኩ ሥር ሳይወጣ የቀረ ባላስት ውሃም የጭነቱን ቦታ ይበላል፤ ፓምፑ እስከ መጨረሻው ጠብታ እንዲስብ መርከቡን ሆን ብሎ በትንሹ ወደ ኋላ ማዘንበል የቆየ ዘዴ ነው።

ጭነቱ ሲያልቅ መክደኛዎቹ ይመለሳሉ፤ በዙሪያቸው ያሉት መቆለፊያዎችም ይጠብቃሉ። ፊትዝጄራልድ 21 አፍ ነበረው፤ ለእያንዳንዱ መክደኛ 68 መቆለፊያ። በኖቬምበር 10፣ 1975 በሱፒሪየር ላይ ከ29 ሰዎቹ ጋር ሰመጠ። የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ መርማሪዎች በጥብቅ ያልተዘጉ መክደኛዎች ውሃ ማስገባታቸውን እንደ ዋና ግምት ሲያቀርቡ ሌሎች አልተስማሙበትም፤ ክርክሩም ዛሬ ድረስ አልተዘጋም። ክርክሩ ምንም ይሁን ምን፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ቢታይም መቆለፊያ ሳይጠብቅ መነሳት ስህተት ነው። ወለሉ ላይ የተበተነው እንክብልም መጠረግ አለበት፤ ክብ ስለሆነ ሰው ያንሸራትታል።

5. ጉዞው

በሱፒሪየር ዳር ካለችው የሚኒሶታ ወደብ ከዱሉዝ እስከ ጌሪ ኢንዲያና ሁለት ቀን ተኩል ያህል ይፈጃል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 22 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከሃያ ብዙም የማይበልጡ ሰዎች አራት ሰዓት ሠርተው ስምንት ሰዓት እያረፉ ይፈራረቃሉ።

የሐይቅ ማዕበል ከባሕር ማዕበል አጠር ያለና የተቀራረበ ነው። ረጅሙ መርከብ በእሱ ላይ ሲሄድ ወለሉ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል፤ ይህ ጤነኛ ነው፤ ብረቱ እንዲተጣጠፍ ተደርጎ ነው የተሠራው። ጤነኛ ያልሆነው ግትርነት ነው። የኖቬምበር ነፋስ ሲመጣ ካፒቴኑ ረጅሙን መንገድ መርጦ በሱፒሪየር ሰሜናዊ ዳር ተጠግቶ ይሄዳል፣ ወይም ከኪዊኖው ልሳነ ምድር ጀርባ ተጠልሎ ያድራል። የአንድ ቀን መዘግየት ገንዘብ ያስከፍላል፤ ቢሆንም ያንን ቀን የሚከፍል ካፒቴን ነው እኔ የማከብረው።

ወንዝ ውስጥ ሲገባ ሌላ ጥንቃቄ አለ። መርከብ ጥልቀት በሌለው ውሃ ሲፈጥን ከሥሩ ያለው ውሃ ይሳባል፤ መርከቡም ቆሞ ከነበረበት ልክ በላይ ይጠልቃል። መፍትሔው ፍጥነት መቀነስ ብቻ ነው።

6. በሎክ ማለፍ

የፖ ሎክ ወርድ 33.5፣ የመርከቡ 32 ሜትር ነው፤ በእያንዳንዱ ጎን የሚተርፈው 75 ሴንቲ ሜትር ነው። ካፒቴኑ 300 ሜትር ርቆ ኋላ ስለሆነ የፊቱን ጫፍ በደንብ አያየውም። ፊት ላይ የቆመው መርከበኛ ርቀቱን በሬዲዮ ይቆጥርለታል። መርከቡ ከግንቡ ጋር ተጠግቶ፣ ግንቡን ተደግፎ፣ ከሰው እርምጃ ብዙም ሳይፈጥን ይገባል። ከገባ በኋላ በሩ ይዘጋል፤ ወደ 80,000 ሜትር ኩብ የሚጠጋ ውሃ በራሱ ስበት ይገባል ወይም ይወጣል፤ ለዚህ ሥራ ፓምፕ አያስፈልግም። ማለፊያውም በነፃ ነው።

7. ማራገፍ

የመድረሻው ወደብ ክሬን ባይኖረውም ችግር የለም። በወለሉ ላይ የተኛው 75 ሜትር ገደማ የሚረዝም ክንድ ይነሳና ወደ ዳር ይዞራል። በመርከቡ ሆድ ሥር ያለው ሰው መዝጊያዎቹን በእቅዱ ቅደም ተከተል ይከፍታል፤ ማዕድኑ ቀበቶው ላይ ይወርዳል፣ ወደ ላይ ይወጣል፣ በክንዱ ላይ ሄዶ ክምር ይሆናል። ትልልቆቹ በሰዓት እስከ 10,000 ቶን ያራግፋሉ። ባላስቱ በዚያው ልክ ይገባል። የመጫኛው ሕግ እዚህም በግልባጩ ይሠራል፤ አንዱን ቋት ባዶ አድርጎ ጎረቤቱን ሙሉ መተው ወገብ ያጎብጣል።

ቀበቶው የሚሮጥባቸው ሮለሮች ብዙ ናቸው። አንዱ ቆሞ ከጋለ የላስቲክ ቀበቶው በእሳት ይያያዛል። ስለዚህ በየፈረቃው ዋሻውን በእግር መዞር፣ የሚጮኸውን ሮለር ምልክት ማድረግ፣ ከማራገፍ በኋላም ተመልሶ ማየት የግድ ነው።

8. የበረዶው ወቅት ጥገና

የሱ ሴንት ማሪ ሎኮች ከጃንዋሪ 15 እስከ ማርች 25 ይዘጋሉ። መርከቦቹ በስተርጅን ቤይ፣ በዱሉዝና በጎረቤቷ በሱፒሪየር ከተማ፣ በቶሌዶ ታስረው ጥገና ይጀመራል። መጀመሪያ ባላስቱና የቧንቧው ውሃ ሁሉ ይወጣል፤ ቧንቧ ውስጥ የቀረ ውሃ በረዶ ሆኖ ብረት ይሰነጥቃል። ቀጥሎ ሞተሩ ይፈታል፣ ሮለሮችና ቀበቶዎች ይቀየራሉ፣ የቋቱ ግድግዳ ውፍረት በአልትራሳውንድ ይለካል። ማዕድኑ ሲንሸራተት የሚፍቀው ግድግዳ ከውጪው ቆዳ በፊት ነው የሚሳሳው።

በየአምስት ዓመቱ ደግሞ መርከቡ ወደ ደረቅ ገንዳ ይገባና ከሥር ይታያል፤ ፕሮፔለር፣ መሪ፣ የዘንጉ ማኅተም፣ የውሃ መሳቢያ አፎች። በ1980ዎቹ ከባሕር ማዶ በመጡ መርከቦች ባላስት ውስጥ ሆኖ ሐይቆቹን የወረረው ዜብራ መስል የተባለው ትንሽ ባለ ቅርፊት እንስሳ እነዚህን አፎች ስለሚደፍን መፈግፈግ አለበት። ሞተሩ የሚቀዘቅዝበት ውሃ የሚገባው በዚያ ነው።

የታሰረ መርከብ ከአደጋ የራቀ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2019 ቶሌዶ ላይ ታስሮ የነበረው ሴንት ክሌር በእሳት ወድሞ ከአገልግሎት ወጣ፤ በፌብሩዋሪ 2021 ሮጀር ብላው በስተርጅን ቤይ ተቃጠለ። የእሳት ጠቋሚ ሥራ ላይ ማዋል፣ ብየዳ ካለቀ በኋላ ጠባቂ ማቆም፣ ሌሊቱን ማሞቂያ ብቻውን አለመተው፤ እነዚህ በጥገና ዝርዝሩ አናት ላይ መጻፍ አለባቸው።

እንዲህ የተያዘ መርከብ ጨው ስለማይበላው ዕድሜ ያያል። ፊትዝጄራልድ በሰመጠበት ሌሊት ከኋላው ይከተለው የነበረው አርተር ኤም አንደርሰን በ1952 ነው የተሠራው። በ1975 ወገቡ ተቆርጦ 36.6 ሜትር ተጨመረለት፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ ራሱ እንዲያራግፍ ተደረገ፤ 70 ዓመት ካለፈውም በኋላ ማዕድን ይጭን ነበር። የባሕር መርከብ ብዙውን ጊዜ ከሰላሳ ዓመት በፊት ለቁርጥራጭ ይሄዳል።

ሎኩ ሊከፈት ሳምንታት ሲቀሩት መርከበኞቹ ይመለሳሉ። ቫልቮች ይከፈታሉ፣ ፓምፖች ይፈተናሉ፣ የሕይወት ማዳኛ ጀልባዎች ወርደው ይታያሉ፣ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ ተቆጣጣሪ ይፈርማል። በሚኒያፖሊስና በሴንት ፖል የምትኖሩ ወገኖች ሥራውን በዓይናችሁ ለማየት ዱሉዝ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል መንዳት ይበቃችኋል፤ ካናል ፓርክ ላይ መርከቡ ወደ ላይ በሚነሳው ድልድይ ሥር በጣም ቀርቦ ያልፋል። ቶሮንቶ ያላችሁ ደግሞ ሴንት ካትሪንስ ከተማ በሚገኘው የዌላንድ ቦይ ሦስተኛ ሎክ ላይ መመልከቻ ሰገነት አለላችሁ። ስትሄዱ በመርከቡ ጎን ያሉትን የጥልቀት ቁጥሮች ከፊት፣ ከመሐልና ከኋላ አንብቡና አወዳድሩ።